ያለ ጭስ ወደ ጎባ

የከተማ ሰው ከእግሩ ጋር የተጣላው መቼ ነው? ይህን የምጠይቀው ፈላስፋ ሆኜ ሳይሆን ባሌ ሮቤ ስለምኖር ነው። ሮቤ ሜዳ ናት። ዳገት የላት፣ ቁልቁለት የላት፤ ፈጣሪ ለእግረኛ ብሎ ያነጠፋት ነው የምትመስለው። ታዲያ ባጃጅ የሚባለው ባለሶስት እግር ፍጥረት ከገባ ወዲህ ባለሁለት እግሩ ፍጥረት እግሮቹን ጫማ ለማድረጊያ ብቻ ይዟቸው ቀርቷል። ከገበያ እስከ መስጊድ ባጃጅ፤ ከመስጊድ እስከ መናኸሪያ ባጃጅ። የቢሯችን ሒሳብ ሹም ስኳር ተገኘባቸውና ሐኪም በየቀኑ በእግር እንዲንቀሳቀሱ አዘዛቸው። ትእዛዝ አክባሪ ሰው ስለሆኑ አመሻሽ ላይ የኳስ ሜዳውን ይዞራሉ። ኳስ ሜዳው ድረስ የሚሄዱት ግን በባጃጅ ነው፤ ባጃጁም ዞረው እስኪጨርሱ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃቸዋል።

ደግሞ ልራመድ ብትሉስ ማን ያራምዳችኋል? ሮቤ ውስጥ ደመወዝ ያለው ሰው በእግሩ ከታየ ወሬ ነው። ትላንት ባጃጅ ውስጥ ያየህ ሰው ዛሬ አስፋልት ዳር ካገኘህ ወይ ከሥራ ተባረሃል፣ ወይ ከሚስትህ ተጣልተሃል፣ ወይ ቁማር ጀምረሃል። አራተኛ ምክንያት አይታወቅም።

አራተኛውን ምክንያት ከአዳማ ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። ቢሮዬ ለስልጠና ልኮኝ ነበር። ርዕሱ የከተማ ነዋሪዎች የግል ጉዞ ልማድ በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚል ነው፤ እስትንፋስ ሳይወስዱ ማንበብ አይቻልም። አሰልጣኙ ወጣት ምሁር ነበር። እያንዳንዳችን ለማይረባ መንገድ የምናስነሳው ሞተር ጭሱ ተጠራቅሞ ሰማዩን እንደሚያሞቀው፣ ዝናቡ ወቅቱን እንደሚስት፣ አዝመራው እንደሚበላሽ በረጋ ድምፅ አስረዳን። ስንዴን ሲጠቅስ ልቤ ተነካ። የባሌ ሰው ምንም ቢሰድቡት ይችላል፤ ስንዴውን ከነኩበት ግን አይችልም። እርግጥ ከአዳራሹ ውጪ እኛን ያመጡን ላንድክሩዘሮች ተደርድረው ነበር፤ ለአንድ ሰው አንድ መኪና። ሾፌሮቹም ከአዳማ ሙቀት ለማምለጥ ሞተር አስነስተው፣ ማቀዝቀዣ ከፍተው ያንኮራፋሉ። እኔ ግን ይህን እንደ ጉድ አላየሁትም፤ ለትምህርቱ የቀረበ ማሳያ አድርጌ ነው የወሰድኩት።

ሮቤ ስመለስ ሌላ ሰው ሆኜ ነበር። ቢሮ በእግሬ፣ ገበያ በእግሬ፣ ለቅሶ በእግሬ። ሠራተኛ ሰብስቤ ንግግር አደረግሁ፤ ከእንግዲህ አላስፈላጊ ሞተር ውስጥ ቂጤን አላሳርፍም ብዬ በሰው ፊት ማልኩ። ባለቤቴ ሰዓዳ ጎረቤት ምን ይለናል ብላ ለሦስት ቀን አኮረፈች። በመጨረሻ ለጠየቃት ሁሉ ሐኪም አዞት ነው እያለች ክብሬን አዳነችልኝ።

ነገሩ የግል ዓመሌ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር፤ የታናሽ ወንድሜ የነስሩ ጉዳይ ባይመጣ። ነስሩ አጋርፋ መምህር ነው። ጎባ የምትኖር ሐዊ የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። የቀሩት አባቷ ሀጂ ቃሲም ብቻ ናቸው። ሀጂ ቃሲም ከደሎ መና ቡናና ማር እያመጡ የሚነግዱ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። እሺ ካሉ እሺ ነው፤ አይሆንም ካሉ ይግባኝ የሚጠየቅበት ችሎት የለም። ሽማግሌ እንላክ ወይ ብለን ብናስጠይቅ አጭር መልስ መጣ። ሐሙስ ጠዋት ኑ፤ ሁለት ሰዓት ላይ በጭነት መኪናዬ ወደ ደሎ መና እነሳለሁ፤ እዚያም ልጄን የሚጠይቅ ቤተሰብ አለ፤ ከመነሳቴ በፊት ካልደረሳችሁ ከእነሱ ጋር እጨርሳለሁ አሉ።

ነስሩ ይህን የሰማ ቀን እህል አልቀመሰም። እኔም ብሆን ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ? አባታችን ካረፈ ወዲህ ለዚህ ልጅ አባትም ወንድምም ነኝ። ሐዊን ቢያጣ ቤታችን ውስጥ የሚገባውን ሐዘን ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም። እናንተም ታናሽ ወንድም ካላችሁ ታውቁታላችሁ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ፤ እኔ ሦስተኛ፣ ለማጀብ ያህል። መሪው አጎቴ ሼህ አብዱረህማን ናቸው፤ ንግግራቸው ጥቂት፣ ዱዓቸው ረጅም። ሁለተኛው ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። አያታቸው ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ክርስቲያን ናቸው፤ ጋሽ ታደሰ በአማርኛም በኦሮምኛም እኩል ይከራከራሉ፤ ያስታረቁትና የዳሩት ሰው ተቆጥሮ አያልቅም። ሽማግሌዎቹን ከደጅ አንስቶ ደጅ ማድረስ የወንዱ ወገን ግዴታ ነው፤ የወንዱ ወገን ማለት ደግሞ እኔ ነኝ።

ነስሩ ከጓደኛው ሚኒባስ ለምኖ ነበር። አይሆንም አልኩት። ሦስት ሰው ለማድረስ ያን የሚያህል መኪና? ሠራተኛ ሰብስቤ ከማልኩ በኋላ? ደግሞም ሌላ ምክንያት ነበረኝ፤ ዛሬም ቢሆን ብልህ ምክንያት ነበር ብዬ እከራከራለሁ። ሀጂ ቃሲም የፈረስ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በበዓል ቀን ሲጋልቡ ያየ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራል፤ መኪና ከገዙ በኋላም ግቢያቸው ፈረስ አጥቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ደጅ በሞተር ከመድረስ በፈረስ መድረስ አይሻልም? ሽማግሌዎቹ ኮርቻ ላይ የሚወጡበት ዕድሜ ስላለፈ በፈረስ ጋሪ እንሄዳለን፤ አየሩም ደስ ይለዋል፣ ሀጂውም ደስ ይላቸዋል። ነስሩ እጄን ይዞ፣ እባክህ ወንድሜ፣ ለአንድ ቀን ብቻ አየሩ ይሙቅ ብሎ ለመነኝ። አልሰማሁትም። አጎቴ መኪና ስለሚያጥወለውላቸው ጋሪውን ወደዱት፤ ጋሽ ታደሰም ሼሁ ከተስማሙ እኔ ማን ነኝ አሉ።

ባለጋሪው ገመዳ ይባላል፤ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ጎልማሳ ነው። አዘቦቱን ስንዴና አሸዋ ያመላልሳል። ፈረስህ ጎባ ይደርሳል ወይ ብዬ ብጠይቀው ክፉኛ ተቀየመኝ። «ጎባ ትለኛለህ እንዴ? ይሄ እኮ ወላሂ ሳነቲ ተራራ ወጥቶ፣ ነፋስ ተቀብሎ፣ ለምሳ ይመለሳል» አለኝ። ፈረሱን አየሁት። ቀለሙ ቡላ ነው፤ ትከሻው ላይ፣ ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ፣ የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ጣል ተደርጎበታል። ለብርዱ ይሆናል አልኩ። ባለቤቱ አሳቢ ነው ብዬም አደነቅሁ።

ሐሙስ ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሶላት በኋላ ተነሳን። መጀመሪያ ላይ ጉዞው እንዴት ያምር ነበር! ጉም በስንዴው ላይ ተኝቷል፣ ኮቴው አስፋልቱን ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል፣ አጎቴ የተስቢሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ዚክር ይላሉ። እኔም ጋሽ ታደሰን፣ ይኸው ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ፣ ነዳጅ የለ እያልኩ አሰለጥናቸዋለሁ። ጋሽ ታደሰ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ ማሞቂያም የለ አሉኝ።

ከሮቤ ጎባ መንገዱ ሽቅብ መሆኑን መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው አያውቀውም። ፈረስ ግን ያውቀዋል። ዳገት ነው ለማለት እንኳ የማይበቃ፣ ሳይታወቅ የሚወጣ መንገድ ነው፤ ደጉ ፈረስ መጀመሪያ ሩጫውን ወደ እርምጃ፣ ከዚያ እርምጃውን ወደ ማሰላሰል ቀየረው። ቀዝቃዛ ካፊያ ጀመረ። ከኋላችን ሚኒባሶች እየመጡ ጡሩምባ እየነፉ ያልፉናል፤ በመስኮት የምናውቃቸው ሰዎች አንገታቸውን እያወጡ አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ ይሉና መልሳችንን ሳይሰሙ ይሰወራሉ። ነስሩ ከአጋርፋ ይደውላል። የት ደረሳችሁ ይላል። እየደረስን ነው እላለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይደውላል። ድምፁ እየቀጠነ መጣ። የእኔም ጭምር።

አንድ ሚኒባስ ቆመ። ሾፌሩ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ሽማግሌዎቹን ሲያይ ደንግጦ ወርዶ፣ ኑ ግቡ፣ ቦታ አለ አለ። አሁን ልብ በሉ፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እሺ። እኔ ግን የተሳፋሪው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ሲያርፍ ያ በሰው ፊት የማልኩት መሐላ ትዝ አለኝ። እግዜር ይስጥልን፣ እኛ በመርህ ነው የምንሄደው አልኩት። ሾፌሩ መርህ የሚባለውን መንደር ለጊዜው ስላላወቀው ሽማግሌዎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ሄደ። አጎቴ ዚክራቸውን አቆሙ። አጎቴ ዚክር ሲያቆሙ ምን ማለት እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ፈረሱ ቆመ። እንዲሁ ቆመ፤ ያለ ንዴት፣ ያለ ማንገራገር፣ ሥራውን ጨርሶ እንደወጣ ሰው። ገመዳ ለመነው፣ ገሰጸው፣ አፏጨለት። እኔ ወረድኩ። ጋሽ ታደሰም ወረዱ። ከጋሪው ኋላ ሆነን ገፋን፤ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ተረጨብኝ። ሌላ መኪና ቢመጣ ኖሮ፣ አምላኬን፣ መሐላዬን አውልቄ ከመንገዱ ዳር ጥዬ እገባ ነበር። ግን መቼም በተፈለገ ጊዜ አይመጣም። ሰዓቴን አየሁ፤ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ይላል። ነስሩ ደወለ። አላነሳሁትም። ምን ልበለው? ትዳርህ መሀል መንገድ ላይ ቆሟል፣ እየገፋነው ነው ልበለው?

ፈረሱ እንደገና ተንቀሳቀሰና እየተሳብን ጎባ ገባን። የሀጂ ቃሲም ደጅ ስንደርስ መኪናው ሞተሩ ተነስቶ፣ ጭሱን እየተፋ፣ አፍንጫውን ወደ ደሎ መና አዙሮ ቆሟል። ሾፌሩ መሪ ጨብጧል። ሀጂው አንድ እግራቸውን መሬት፣ አንዱን መወጣጫው ላይ አድርገዋል። ደርሰናል! ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። አጎቴ አሰላሙ አለይኩም ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ሀጂው እጁን አላዩትም። እግራቸውን ከመወጣጫው አውርደው በአጎቴ አጠገብ፣ በጋሽ ታደሰ አጠገብ፣ በእኔም አጠገብ አልፈው በቀጥታ ወደ ፈረሱ ሄዱ። አየህ፣ ሠራልን አልኩ በልቤ። ግንባሩን ዳሰሱት። ከናፍሩን ገልጠው ጥርሱን አዩ። ከጀርባው ትኩስ እንፋሎት ይወጣል። ከዚያ ትከሻው ላይ ያለውን የብርድ ልብስ ቁራጭ አነሱት።

ከሥሩ ቁስል ነበር። የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ ቀይ፣ እርጥብ ቁስል። ማሰሪያው ከሮቤ ጀምሮ እላዩ ላይ ሲፈትግ ነው የመጣው። እኔ አላየሁም፤ ወላሂ አላየሁም። ገመዳ ሰማዩን ማየት ጀመረ።

«ፈርዲ ኩን ከን ኤኙቲ?» አሉ ሀጂው በቀስታ፤ ይሄ ፈረስ የማን ነው ማለታቸው ነው። ሞተሩ ብቻ ይንደቀደቃል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለባሌ ሽማግሌ ፈረስ የሰው ማዕረግ ነው፤ ይለጎማል፣ ይሸለማል፣ ይጋለባል። ጋሪ ደግሞ የእህልና የአሸዋ ነው። እኛ ክብራቸውን ጠብቀን የመጣን መስሎን፣ የሚወዱትን ፍጥረት ከነቁስሉ እንደ አህያ አስጎትተን፣ ራሳችንንም እንደ ጆንያ ጭነን ነው ደጃቸው የቆምነው። ይህን ፈረስ እንዲህ የያዘ ቤት ልጄን እንዴት ሊይዝ ነው ብለው ሀጂው ጠየቁ። የሚጮህ ሰው ያስፈራል፤ በቀስታ የሚናገር ሰው ግን የበለጠ ያስፈራል። የነስሩ ፊት ዓይኔ ላይ መጣ።

አጎቴ ዘወር ሳይሉ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙና፣ ጋሪውን ያመጣው እሱ ነው፣ ምክንያትም አለው፣ ይንገርዎት አሉ። እኔም ነገርኳቸው። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? የአዳማውን ስልጠና ሙሉውን፣ ከመግቢያ እስከ ማጠቃለያ፣ ጭቃ ለብሼ አቀረብኩላቸው። የከተማ ሰው ለማይረባ መንገድ ሞተር እንደሚያስነሳ፣ ጭሱ ሰማዩን እንደሚያሞቅ፣ ዝናቡ እንደሚስት፣ ስንዴው እንደሚጎዳ። ይህን ሁሉ የምለው በእሳቸው መኪና ጎን ቆሜ ነው፤ የመኪናው ጭስ እየገባብኝ በየመሀሉ ያስለኛል። ያጥፉልኝ ለማለት ግን ወኔ አልነበረኝም።

ሀጂው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሐቁን ለመናገር፣ ከሠራተኞቼ ይልቅ በደንብ ያደመጡኝ እሳቸው ናቸው። ስለ ዝናቡ የተናገርከው እውነት ነው፣ ደሎ መና ቡናው እንደ ድሮው አይደለም አሉ። ቀጥለውም፣ ጭሱን ከመኪናው አንስታችሁ ፈረሱ ጀርባ ላይ ጫናችሁት እንጂ ምን አጠፋችሁት፤ እግር ያለው ሰው ለምን በእግሩ አይመጣም አሉኝ። አዳማ ላይ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም በላንድክሩዘር ስለመጣን ይሆናል።

ከዚያ ፈረሱን ከጋሪው ራሳቸው ፈቱት። ውሃ አስመጡለት። የለበሱትን ቡልኮ አውልቀው አለበሱት። እኛ ካፊያው ላይ ቆመናል፤ ሽማግሌ ቃል ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ውሃ አይቀምስም። እርግጥ ቅመሱ ያለንም አልነበረም። ፈረሱ ሲጠጣ ረጅም ጊዜ ጠጣ። በሕይወቴ ውሃ የሚጠጣ እንስሳ እንደዚያ ቀን ጠልቼ አላውቅም።

ሲጨርስ ሀጂው ወደ አጎቴ ዞሩና እጃቸውን ሰጡ። ልጄን ጠይቄያታለሁ፣ ወዳዋለች፣ እኔም ስለ ልጁ አጣርቻለሁ፣ በወንድሙ ጥፋት አልቀጣውም፤ ሰጥቻለሁ አሉ። ጋሽ ታደሰ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩበትም። ግን አሉ ሀጂው፤ አንድ ነገር አለ። ይህ ፈረስ ሮቤ ድረስ አንድ እርምጃ በእግሩ አይመለስም። በእግሩ ሄደ የሚል ወሬ ከሰማሁ ቃሌን አነሳለሁ። በመኪናዬ ይሄዳል፣ እኔም ቤቱ መግባቱን በዓይኔ አያለሁ፤ ደሎ መና ነገ ይደርሳል አሉ።

መኪናው ወደ አንድ የአፈር ቁልል በጀርባው ተጠጋ። ፈረሱ ቡልኮውን ለብሶ ወጣ፤ ሲወጣ አንዴም አላንገራገረም። ጋሪው ከጎኑ ተጫነ፤ ገመዳ ልጓሙን ይዞ አጠገቡ ቆመ። ሀጂው፣ አጎቴና ጋሽ ታደሰ ከሾፌሩ ጎን ተጠጋግተው ተቀመጡ። እኔም ከኋላ ልንጠላጠል እጄን ስዘረጋ ሀጂው በመስኮት አዩኝ። አንተ ተው፣ ፈረሱ ይረበሻል አሉኝ። አጎቴም ከመሀል ሆነው፣ እሱ በሞተር አይሄድም፣ መሐላ አለበት ብለው አስረዱልኝ።

መኪናው ሄደ። ጥቁር ጭሱን ፊቴ ላይ ለቅቆ፣ በጉሙ ውስጥ ቁልቁል ወደ ሮቤ ሄደ። ከላይ ፈረሱ አንገቱን አውጥቶ ግራ ቀኙን ያያል። እኔ ጫማዬን አጥብቄ አስሬ መራመድ ጀመርኩ።

ስልኬ ጮኸ። ነስሩ ነው። ሰጡን አልኩት። አልጮኸም፤ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቶ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ሰምቶ፣ ምን ሆነህ ነው አለኝ። በእግሬ እየተመለስኩ ነው አልኩት። ሽማግሌዎቹስ አለ። በመኪና። ገመዳስ? በመኪና። ፈረሱስ? ፈረሱም በመኪና አልኩት። ከዚያ በዚያ በአስተማሪ ትህትናው፣ ቅር እንዳይለኝ እየተጠነቀቀ፣ «ታዲያ ጋሪውን የምትጎትተው አንተ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ።